ሁለተኛ ተሽከርካሪ ለባሕር ዳር መንገድ፦ ከመግዛትዎ በፊት

ቤቱ አንድ መኪና አለው። ጠዋት አንዱ ይዞት ሥራ ይሄዳል፤ የቀረው ልጅ ለማድረስ፣ ቅዳሜ ገበያ ለመውረድ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ታማሚ ለመጠየቅ ባጃጅ ይጠብቃል። «አንድ ርካሽ ነገር ብንጨምርስ?» የሚባለው ያኔ ነው። ወሬው ግን ወዲያው ወደ ዋጋ ይዞራል፦ ስንት ነው? ማን ጋ አለ? ዋጋ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት የት ነው የምንሄደው? ሲበላሽስ ዕቃው እዚሁ ከተማ ይገኛል?» የሚለው ነው። በርካሽ ተገዝቶ መለዋወጫው አዲስ አበባ ድረስ የሚፈለግ ነገር የቤቱን ኪስ ከሁሉ በላይ ይጎዳል።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ደብተር ይያዙ። እያንዳንዱን ጉዞ ይጻፉ፦ ከየት ወደ የት፣ ስንት ኪሎ ሜትር (የስልክ ካርታ ይለካዋል)፣ ስንት ሰው፣ ምን ዕቃ፣ በስንት ሰዓት። ሳምንቱ ሲያልቅ ረጅሙን ጉዞ ሳይሆን በብዛት የሚደጋገመውን ይመልከቱ። ረጅሙ ጉዞ የመጀመሪያው መኪና ሥራ ነው። የሚደጋገመው ለአንድ ሰው፣ ደርሶ መልስ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ጥሩ ሳይክል ይበቃል። ደርሶ መልስ እስከ 20 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይም ከ100 እስከ 125 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ነው። ሁለተኛ መኪና የሚታሰበው በየቀኑ ከሁለት ሰው በላይ የሚጓጓዝ ከሆነ፣ ወይም ሞተር ላይ መቀመጥ የማይችል አዛውንት ወይም ታማሚ ቤት ውስጥ ካለ ነው። ሰዓቱን መመዝገብም አይርሱ። ለሞተር የሰዓት ገደብ በሚጣልበት ጊዜ የማታ ተረኛ የሆነ ሰው ሞተር ገዝቶ ቤቱ ሊያቆመው ነው።

ከተማው ራሱ ለዚህ ምርጫ ያግዛል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከሽምብጥ እስከ ፔዳ፣ ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ማዶ እግር የሚፈትን ዳገት የለም። ከዚህ የሚለየው የቤዛዊት ኮረብታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይም ለማዶው ነዋሪ መንገዱን አስፍቶለታል። በሌላ በኩል ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ያጣል። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል። የኤሌክትሪክ ሞተርን ይህ አይነካውም፤ አየር አይስብምና።

የፍጆታውን ልዩነት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በቀን 12 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ቢኬድ 312 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አነስተኛ የቤንዚን መኪና በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር ይፈልጋል፤ የወሩ ከ25 እስከ 28 ሊትር ነው። 125 ሲሲ ሞተር ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ነው የሚጠጣው፤ የወሩ ከ6 እስከ 8 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተሰልፎ መሙላት። የኤሌክትሪክ ሞተር በኪሎ ሜትር 30 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ የወሩ 12 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የሚከፍሉበትን የመብራት ታሪፍ በዚህ ያባዙት፤ ከዚያ የሰልፉን ሰዓት ያስቡ።

ሁለተኛ መኪና ለአጭር መንገድ የማይመከርበት ሌላም ምክንያት አለ። የቀዘቀዘ ሞተር ቤንዚን ያበዛል፤ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ተሂዶ ሲጠፋ ዘይቱ ገና አልሞቀም። ያልነደደው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ማርሚታ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል፤ ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን ሳይመልስ ይቆማል። በዚህ አነዳድ ዘይቱ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም መቆጠር አለበት፤ ብዙ ባይነዳም በየስድስት ወሩ ይቀየር።

ሳይክል

ባሕር ዳር ስለ ሳይክል ማስተማር አያስፈልጋትም፤ አገዛዙ ላይ ግን ስህተት ይበዛል። ትልቁ ስህተት ማርሽ መቁጠር ነው። ለሜዳ ከተማ 21 ማርሽ ያለው ርካሽ ሳይክል ከአንድ ማርሽ ጠንካራ ሳይክል አይበልጥም፤ ማርሽ ቀያሪው በኮብልስቶን መንገድ ይናጋል፣ በክረምት ጭቃ ይሞላዋል። ወደ ቤዛዊት ወይም ከከተማ ውጭ በየቀኑ የማይወጣ ሰው ከ3 እስከ 7 ማርሽ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ቸርኬውን ይዩ። የብረት ቸርኬ (ማግኔት ይይዘዋል) ሲረጥብ ፍሬኑ በእጅጉ ይዳከማል፤ በደረቅ መንገድ በ5 ሜትር የሚቆመው በዝናብ እጥፍ መንገድ ሊሄድ ይችላል። አሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ የተሻለ ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጎማውን አንስተው ያዙሩት፤ ቸርኬው በፍሬኑ መሀል ግራ ቀኝ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ሽቦዎቹ መስተካከል አለባቸው። ከዚያ ፔዳሉ የተያያዘበትን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ተበልቷል።

ያገለገለ ሳይክል ሲገዙ ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩ። አዲስ ካቴና ከፒን እስከ ፒን 24 ቀለበት ሲቆጠር 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 306.5 ከደረሰ ካቴናው ይቀየር፤ 308 ከሆነ የጥርሶቹ ክብም አብሮ አልቋል፣ ብቻውን ቢቀይሩት አዲሱ ይዘላል። ሻጩን ዋጋ የሚያስቀንስ ማስረጃ ይኸው ነው።

ኮርቻውን ለማስተካከል ተረከዝዎን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። የጉልበት ሕመም የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው። በ28 ኢንች ጎማ ከ45 እስከ 55 ፒኤስአይ (በመንፊያው ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት መለኪያ) ይንፉ፤ አየር ያነሰው ጎማ በኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። እንዲህ ያለ ጥንድ ቀዳዳ ካዩ የእሾህ ሥራ አይደለም፣ የአየር ማነስ ነው። ጭቃ መከላከያ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ወፍራም ቁልፍ፦ እነዚህን ከዋጋው ጋር ይደምሩ።

የኤሌክትሪክ ሞተር

ለሁለተኛ ተሽከርካሪ ዛሬ በመጀመሪያ እንዲያዩት የምንመክረው ይህን ነው፤ ግን ባትሪውን ሳይረዳ የሚገዛ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ይቆጫል። የሚገዙት ባትሪ ነው ብለው ያስቡ፤ ሌላው ብረትና ፕላስቲክ ነው።

ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ቢል ራስዎ ያስሉ። ባትሪው ላይ 60 ቮልትና 20 አምፒር ሰዓት ከተጻፈ ሁለቱን ያባዙ፦ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ሳይጎዳ የሚሠራበት 70 ከመቶ ያህሉ ነው፤ 840። በኪሎ ሜትር ለሚወስደው 30 ዋት ሰዓት ሲካፈል 28 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሁለት ሰው ሲጫን ወይም ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታ ይቀንሳል፤ ባትሪው ሲያረጅም እንዲሁ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሞተር የቀኑ ዕቅድ ከ20 ኪሎ ሜትር አይለፍ። 72 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት የሆነው በዚሁ ስሌት 33 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ወደ ጢስ አባይ የአንድ ጉዞ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ሞተር ደርሶ መልስ አይታሰብም።

የእርሳስ ባትሪ በዚህ ልክ እየወረደ ከተሠራበት ከ200 እስከ 300 ጊዜ ቻርጅ ያህል ይቆያል። 300ውን ቢወስዱ፣ በ28 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 8,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወር 312 ለሚሄድ ሰው ከሁለት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት የሙሉ ባትሪውን የመቀየሪያ ዋጋ ጠይቀው ለ8,400 ያካፍሉ፤ የኪሎ ሜትሩ እውነተኛ ወጪ ያ ነው፣ የመብራቱ ሂሳብ ከሱ አጠገብ ትንሽ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሲገዛ ይወደዳል፤ ግን ከ1,500 ጊዜ በላይ ቻርጅ ይችላል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ይህ ክብደት ለተከራይና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ወሳኝ ነው። አምስት የእርሳስ ባትሪ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ፎቅ ይዞት የሚወጣ የለም፤ ሊቲየሙን ነቅለው ቤት ማስገባት ይችላሉ።

ያገለገለ ከሆነ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ካረፈ በኋላ ኮርቻውን ከፍተው እያንዳንዱን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለየብቻ ይለኩ። ጤነኛው ከ12.8 እስከ 13.1 ያነባል። አራቱ 12.9 ሆነው አንዱ 12.4 ከሆነ ያ አንዱ ታሟል፤ ባትሪዎቹ በሰልፍ ስለተያያዙ ደግሞ የታመመው ሌሎቹንም ይጎትታል። ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይለኩ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የወረደው ያው እንደሆነ ያያሉ። አንዱን ብቻ በአዲስ መቀየር ለጥቂት ወር ነው የሚያገለግለው፣ አሮጌዎቹ ቶሎ ስለሚሞሉና ቶሎ ስለሚያልቁ አዲሱም አብሮ ይበላሻል።

ባትሪ የሚገድለው አጠቃቀም ይታወቃል። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሆኖ ማደር የለበትም፤ ባዶውን ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት አይለቅም። ማታ ቤት ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ ቻርጅ ይሰካ፣ 20 አምፒር ሰዓት የሆነው በ3 አምፒር ቻርጀር ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ከቆመ በወር አንዴ ይሞላ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻርጀር ያቃጥላል፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። የእርሳስና የሊቲየም ቻርጀር ሶኬታቸው ቢገጥምም የሚያቆሙበት ቮልት ስለሚለያይ አይዋዋሱ። ሊቲየሙንም መኝታ ክፍል ውስጥ ወይም መውጫ በር አጠገብ አድርገው ቻርጅ አያድርጉ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ይዘጋል።

ክረምት ላይ ጠላቱ ውሃ ነው። ጎማውን የሚያዞረው ሞተር ያለው በኋላ ጎማ መሀል ነው፤ ገመዱ የሚገባውም በዚያው በመሀል ብረቱ በኩል ነው። ስለዚህ ጎርፉ ጎማው መሀል ከደረሰ አይግቡበት። ውሃ የገባበት ሞተር ያን ቀን ሊሄድ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ኩሽኔታው ዝጎ መጮህ ይጀምራል፣ ወይም ሞተሩን የሚያዝዘው አነፍናፊ ይበላሽና እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። እጥበት ቤት ከሰጡት ኃይለኛ ውሃ ወደ ጎማው መሀልና ወደ ኮርቻው ሥር እንዳይረጩ ይንገሩ። ለኮብልስቶኑ ደግሞ በየሦስት ወሩ የባትሪ ገመዶቹን ማሰሪያ ያጥብቁ፤ የላላ ማሰሪያ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

ያገለገለ የቤንዚን ሞተር

ከከተማ ወጣ የሚያደርግ ሥራ ያለው ሰው፣ ወደ መሸንቲ ወይም ዘጌ በየሳምንቱ የሚመላለስ ለምሳሌ፣ የቤንዚን ሞተር ይሻለዋል። ለከተማ ብቻ ከሆነ 100 ወይም 125 ሲሲ፣ ሰው ጭኖ ለሚወጣ 150። በገበያው ብዙ ያለውን፣ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታውን ዓይነት ይምረጡ፤ ለከተማው እንግዳ የሆነ ቆንጆ ሞተር ለአንድ ፍሪሲዮን ሸራ ወር ያስጠብቃል።

ሲያዩት ቀዝቃዛ ሆኖ ይሁን። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ (ማርሚታውን ከላይ በእጅ ጀርባ ጠጋ ብለው ይወቁ) በሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ። ቀዝቃዛውን ሲያስነሱ የሚወጣው ጭስ ይነግርዎታል፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፣ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን አብዝቷል፣ ያ በካርቡራተር ማስተካከል ይድናል። ከዚያ በአራተኛ ማርሽ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ በአንዴ ነዳጅ ይስጡት፤ ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነስተው መሪውን ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ቀጥ ሲል ጉድጓድ እንደገባ ያህል ቀጭ ካለ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። ከኋላ ራቅ ብለው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ይመልከቱ፤ አንዱ ወደ ጎን ካመለጠ ሻንሲው ተመትቷል፣ ይህን ማንም በርካሽ አያቃናውም፣ ትተውት ይሂዱ። የካቴናው ጥርስ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ከተቆለመመ ካቴናና ሁለቱም ጥርሶች በአንድ ላይ ይቀየራሉ።

ከገዙ በኋላ ያለው አያያዝ ቀላል ነው። ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን፤ የመኪና ዘይት አንዳንዱ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ካቴናው መሀሉ ላይ ሲጫኑት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይርገብ። ቤንዚን በጀሪካን ከገዙ ግን ይጠንቀቁ። ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በኖ ወረቀቱን ነጭ ያስቀራል፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቅባት ያለው እድፍ ይተዋል። ውሃ ከገባበት ሞተሩ ይነሳና ይጠፋል፤ በካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትተው ውሃውን ያውጡ።

መኪና ግድ ከሆነ

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ያገለገለ የቤንዚን መኪና ርካሽ ነው ማለት አይቻልም። አነስተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ይበቃል፤ ሁለት ነገር ግን ከፊርማ በፊት ይታይ። አንደኛ፣ የባትሪው ጤና በመመርመሪያ መሣሪያ ተነቦ በመቶኛ ይነገርዎት። ሁለተኛ፣ የቤትዎ መስመር። በ10 አምፒር ቻርጅ ሲያደርግ 2.2 ኪሎዋት ይወስዳል፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው። በአንድ ፌዝ ቆጣሪ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ሶኬቱ ይግላል ወይም መስመሩ ይቆርጣል። ምጣዱ ቀን፣ መኪናው ሌሊት ይሁን፤ ለመኪናው ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ያስዘርጉ።

ወረቀቱ

ሞተር ሳይክል የራሱ የመንጃ ፈቃድ ምድብ አለው፤ የአውቶሞቢሉን ይዘው አይንዱት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፣ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካዩ ድርድሩን ያቁሙ። ሊብሬ ከሌለው ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) ይጠይቁ፤ ሁለቱም ከሌሉ ታርጋ አያገኝም። አዲስ የኤሌክትሪክ ሞተርም ሲሆን ከመክፈልዎ በፊት በእጅዎ ያለው ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ታርጋ ለማውጣት ይበቃ እንደሆነ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ስም ሲዛወር ቀረጡ ይጠየቃል፤ ማን እንደሚከፍል በውሉ ይጻፍ። ፋይሉ ባለበት ቢሮ እግድ ወይም ዕዳ እንደሌለበት ያጣሩ።

በውክልና ብቻ አይግዙ። ውክልና የሰጠው ሰው ሲፈልግ ይሽረዋል፣ ከሞተም ውክልናው ያበቃል፤ ገንዘብ የከፈሉበት ንብረት በሌላ ሰው ስም ይቀራል። ከዋጋው የተወሰነውን ይያዙና ስሙ ተዛውሮ ሊብሬው በእርስዎ ስም ሲወጣ ይክፈሉ፤ ሻጩም ይህን በውሉ ላይ ይፈርም።